የማማ ማህሌት ጎረቤቶች

ኬንያ ሞያሌ ውስጥ ፀዲን በስሟ የሚጠራት ሰው ጥቂት ነው። እዚያ እናት በልጇ ስም ስለምትጠራ፣ ማህሌትን ከወለደች ወዲህ ለነጋዴውም፣ ለፖሊሱም፣ ከጎልቦ ቆላ ግመል እየነዳ ለሚመጣውም «ማማ ማህሌት» ናት። ማህሌት ከሞተች በኋላም ስሙን የለወጠ የለም። ጠዋት የሆቴሏን በር ስትከፍት «ማማ ማህሌት፣ ቻይ ደረሰ?» ይሏታል። እሷም «ደርሷል፣ ግቡ» ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን ስሙ በተጠራ ቁጥር ጉሮሮዋ ላይ እንደ አጥንት ይሰነቀርባት ነበር። አሁን እየፋቀም ቢሆን ይወርዳል።

ሆቴል ይባል እንጂ ሄሉ ሰፈር ውስጥ ያለ አንድ የቆርቆሮ ክፍልና በረንዳ ነው። ከባሏ ከስዩም ጋር ከፍቼ ወርደው ድንበሩን ሲሻገሩ እሱ የጭነት መኪና መካኒክ ነበር፤ እሷ ግን ከወጥ ሥራ በቀር የምታውቀው ሙያ አልነበራትም። ቤቱን ሊከፍቱ ሲሉ ያስቸገራቸው ሥጋው ነው። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊሙ አይቀምስም፤ ሙስሊም ያረደውን እሷ አትነካም። አስባ አስባ «ሥጋ ከነጭራሹ አይግባ» አለች።

ስዩም ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ቦረና አገር መጥተሽ ያለ ሥጋ ሆቴል? ዝንብ እንኳ አይገባልሽም!»

ሰው ግን ገባ። ቦሎቄዋን ቻፓቲ በሚባለው ቂጣ እየጠቀለለ፣ ወተት የበዛበት ሻይዋን እያማሰለ፣ ማን ምን አረደ ብሎ ሳይጠይቅ አንድ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ይበላ ጀመር። ፊት ለፊቷ የጨርቅ ሱቅ የነበራቸው ጋሽ ሙደሲር ከሁሉ ቀድመው የገቡ ደንበኛ ናቸው። ከስልጤ አገር በወጣትነታቸው የመጡ፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ፣ ሰው ሲናገር አንገታቸውን ዘንበል አድርገው የሚሰሙ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ካልቶማ ፀዲን ባየቻት በሳምንቱ «ፀድዬ» ማለት ጀመረች። የካልቶማ ልጅ ሰሊምና ማህሌት በአንድ ትሪ እየበሉ፣ በአንድ አቧራ ላይ እየተጫወቱ አደጉ። አማርኛ እቤት፣ ኦሮምኛ መንገድ ላይ፣ ስዋሂሊ ትምህርት ቤት ሲናገሩ፣ የትኛው ቋንቋ የማን እንደሆነ ለራሳቸውም አይታወቃቸውም ነበር።

ስዩም የሞተው ኮሮና ድንበሩን በዘጋበት ዓመት ነው። የገደለው ግን ኩላሊቱ እንጂ ኮሮና አይደለም። ከመሞቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ ለመነ፤ ማህሌት ክርስትና በተነሣችበት ደብር ቅበሩኝ አለ። ደብሩ ያለው ኢትዮጵያ በኩል ነው። በደኅናው ጊዜ ለቅዳሴ ሄደው ቁርስ ሳያልፍባቸው ይመለሱበት ነበር። ያን ሰሞን ግን የድንበሩ በር ላይ የቆመው ወታደር ሕያውም አይሻገር፣ ሬሳም አይሻገር ይል ነበር።

ፀዲ መሬት ላይ ተቀምጣ ቀረች። ጋሽ ሙደሲር ሱቃቸውን ዘጉ፤ የሰፈሩን ሽማግሌ አባ ዲባን አስከትለው ወደ በሩ ሄዱ። ረፋድ ላይ ሄደው ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ እዚያው ቆሙ። ከአንዱ ሹም ወደ ሌላው ሲመላለሱ፣ አባ ዲባ በመጨረሻ በትራቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ «ይህ ሰው መኪናችሁን ሲጠግን የኛው ነበር፤ ሲሞት ነው የውጭ ሰው የሆነው?» አሉ። ሹሙ ፈቀደ።

ስዩምን ተሸክመው የወጡት ኮፍያ ያደረጉ የሰፈሩ ሙስሊሞች ናቸው። ቃሬዛውን በሁለቱ በሮች መሐል ባለው ባዶ ቦታ ላይ አስቀምጠው ወደ ኋላ ተመለሱ፤ ከዚያ ማዶ ካህናቱ መጥተው አነሡት። ፀዲ እንድትሻገር አልተፈቀደላትም። ጋሽ ሙደሲር ማዶ ላለ ወዳጃቸው ደውለው፣ «ስልኩን ከመቃብሩ አፍ አጠገብ ያዘው፣ እንዳትዘጋው» አሉት። ፀዲ የባሏን ፍትሐት በጋሽ ሙደሲር ስልክ ሰማች። አፈሩ ሳጥኑ ላይ ሲወድቅም ሰማች። ካልቶማ ከኋላ አቅፋት ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ፀዲ ስትጸልይ ከቅዱሳኑ ስም ቀጥላ የጎረቤቶቿን ስም መጥራት ለመደች። ወንድሟ ጌድዮን ከፍቼ እየደወለ «ነይ እንጂ፣ ያን በረሃ ምን ብለሽ ነው የሙጥኝ ያልሽው?» ሲላት፣ «እዚህ ሰው አለኝ» ትለው ነበር። ከልቧ ነው። ያለ ዘመድ በመጣበት አገር እንዲህ ያለ ወገን ያገኘ ማን አለ? ውለታቸውን በምን እከፍላለሁ እያለች ታስብ ነበር። የሚከፈልበት ቀን እንደሚመጣ ግን አላሰበችም።

ማህሌት ትምህርቷን ጨርሳ ከከተማው ወጣ ብሎ አውራ ጎዳናው ዳር ባለ መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ጀምራ ነበር። ሰሊም ደግሞ ፕሮቦክስ መኪና ይዞ ዳበል ወደሚባለው ገጠር በሚወስደው መንገድ ዕቃ ያመላልሳል። አንድ ምሽት፣ ፀሐይ ገብታ ለዓይን ያዝ ሲያደርግ፣ ማህሌት በእግሯ ወደ ቤቷ ስትመለስ መኪና ገጭቷት ሄደ። እንጨት ለቅመው ይመለሱ የነበሩ ሴቶች አገኟት። በነጠላቸው ተሸክመው ሐኪም ቤት ሲያደርሷት ነፍሷ ወጥታ ነበር።

በማግስቱ ማለዳ ጋሽ ሙደሲር ልጃቸውን እጁን ይዘው ፖሊስ ጣቢያ አስረከቡ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ፀዲ ቤት መጥተው፣ ለቅሶ የተቀመጠው ሕዝብ እያየ እግሯ ላይ ወደቁ። «ሰሊም ነው። የኔ ሰሊም ነው» አሉ። ሽበታቸው ላይ አቧራ ነበር። ፀዲ ያን ጊዜ እንኳ «ይነሡ፣ ጋሽ ሙደሲር፣ ይነሡ» ብላ ያነሣቻቸው እሷው ናት። በከተማው ሁሉ «ልጁን በገዛ እጁ ያስረከበ አባት» ተብሎ ተወራላቸው።

ለቅሶው እንደገና የሰፈሩ ሆነ። ውሃ የሚቀዳው፣ ድንኳን የሚተክለው፣ ሌሊቱን አብሯት የሚያድረው ያው ስዩምን የተሸከመው ሰው ነው። ካልቶማ ከአጠገቧ አልተነሣችም። ፊቷን ነጭታ ደም በደም አድርጋው ነበር።

አርባው እንዳለፈ ሽማግሎች መጡ። በረንዳውም ግቢውም ሞላ፤ ሴቶቹ በአጥሩ ሥር ተደረደሩ። አንዲት የካሣ ጊደር ደጃፉ ላይ ታስራ ቆማለች። አባ ዲባ መርቀው ጀመሩ፤ የሆነው የአላህ ሥራ መሆኑን፣ ልጁ ወጣት መሆኑን፣ እስር ቤት ቢማቅቅ ማህሌት እንደማትመለስ፣ ሁለቱ ቤቶች አንድ ቤት እንደነበሩ ተናገሩ። ከዚያ ክሱን እንድታነሣ ለመኗት።

ፀዲ ጊደሯን እያየች «ልጄን በከብት አልለውጥም፤ ውሰዷት» አለች። ሕዝቡ ይህን እንደ ቸርነት ቆጥሮ በአንድ ድምፅ መረቃት። እሷ ግን አልጨረሰችም ነበር። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። ልጁ ራሱ ይንገረኝ። እንዴት ሆነ? አየችው? ምን አለች?»

ጋሽ ሙደሲር መሬት መሬት ያያሉ። አባ ዲባ ረጋ ብለው «ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉ፤ «እርቅ ላይ ቁስል አይነካካም። ጥፋቱን አምኗል፤ አባቱ ስለሱ ተናግሯል። ከዚህ ወዲያ መጠየቅ ደም መቆፈር ነው።»

ፀዲ ዙሪያዋን አየች። ያ የቃሬዛውን እግርጌ የያዘው ነው። ያቺ እሷ መብላት ሲያቅታት በማንኪያ አጥሚት ያጎረሰቻት ናት። ከነዚህ ፊቶች የትኛውን «አይሆንም» ትለዋለች? ቢከፋት ወዴት ትሄዳለች? ነገ እሷስ ስትሞት ማን ያነሣታል?

«እሺ» አለች።

ካልቶማ ዘላ ተነሥታ አቀፈቻት። በሳምንቱ ፀዲ ጣቢያ ሄዳ ክሱን አነሣች፤ ሰሊምም ተፈትቶ ኢሲዮሎ ከተማ አጎቱ ዘንድ ተላከ።

ዓመት ሳይሞላ ተመለሰ። ረምዚያ የምትባል የነጋዴ ልጅ ታጭታለት ነበር። ሰርጉ በቀረበ ጊዜ ሙሽራው በየቤቱ እየዞረ ትልልቆቹን ምርቃት ይቀበላል፤ ፀዲ ደግሞ አሳዳጊው ናትና ሊያልፋት አይችልም። አንድ ረፋድ ላይ፣ እናቱና የሰፈሩ ሴቶች በር ላይ ቆመው እየጠበቁት፣ ብቻውን ወደ ጓዳዋ ገባና ተንበረከከ። ከስቷል። ሽቶ ይሸታል።

«ማማ ማህሌት፣ መርቂኝ» አለ።

እጇን ራሱ ላይ አደረገች። «ሳልመርቅህ በፊት ንገረኝ» አለችው። «ሽማግሌ የለም፤ እኔና አንተ ብቻ ነን። ንገረኝ።»

ሰሊም ፈልጎት የኖረ ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም፣ ቃሉ እየተደነቃቀፈ ወጣ። «መሽቶ ነበር። አልታየችኝም። መስታወቱ ሲሰነጠቅ ቆምኩ… ግን አልወረድኩም። ያልተቀረጠ ስኳር ጭኜ ነበር። ከኋላ ድምፅ ሰማሁ።»

«ምን አለች?»

«ቢሻን አለች።»

ቢሻን በኦሮምኛ ውሃ ነው። ፀዲ እጇን ከራሱ ላይ ሳታነሣ፣ «በኦሮምኛ?» አለች።

«አዎ። ለዚህ ነው… በአማርኛ ብትጣራ ኖሮ ድምጿን አውቀው ነበር፣ ወላሂ አውቀው ነበር። የገጠር ሴት መሰለችኝ፤ ከዳበል የምትመጣ። እቤት ደርሼ ለአባባ ነገርኩት። ‹ማን ናት?› አለኝ። ‹የገጠር ሴት መሰለችኝ› አልኩት። ‹እንግዲያው መጀመሪያ ዕቃውን እናውርድ፤ ፖሊስ ከመጣ ሁሉም ያልቃል፤ ከዚያ ሰው እንልካለን› አለ። አወረድን። ጆንያዎቹን ጓሮ ደበቅን። ሰው ስንልክ… ሴቶቹ አንሥተዋት ነበር። ማማ፣ እሷ መሆኗን ቢያውቅ በባዶ እግሩ ይሮጥ ነበር!»

«እናትህስ?»

«እማም እቤት ነበረች።»

ውጭ የቆሙት ሴቶች ምርቃቱ ያለቀ መስሏቸው እልልታውን አቀለጡት። ሰሊም ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ተነሣ፤ ምርቃቱን እንዳላገኘ ልቡ እያወቀ ወጣ።

ፀዲ ያንን እልልታ ተቀምጣ ሰማችው። ቆሻሻ ሽርጧን ሳትፈታ መንገዱን ተሻግራ ጋሽ ሙደሲር ሱቅ ገባች። ለሰርጉ ጨርቅ የሚያስለኩ ሰዎች ሞልተዋል፤ አባ ዲባም አግዳሚው ላይ ነበሩ። በሃያ ዓመት ጉርብትና ጋሽ ሙደሲርን ከ«እርስዎ» በቀር ብላ አታውቅም። ያን ቀን ከበሩ እንደቆመች፦

«ስኳርህ ደረሰልህ?» አለች።

ሜትሩ ከጋሽ ሙደሲር እጅ ወደቀ። ሊያስተባብሉ አልሞከሩም። «ፀዲ፣ እህቴ» አሉ፤ «እሷ መሆኗን አላወቅኩም። በአላህ ስም፣ ሌላ ሰው መስሎኝ ነው።»

«ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

ደንበኞቹ ጨርቁን እንደያዙ ደርቀዋል። ፀዲ ሁሉንም በየተራ አየቻቸው። «እሷም እናት ያላት ናት፤ ያቺ ከዳበል የመጣች የመሰለቻችሁ። ውሃ እያለች ትሙት? ባሌን ተሸክመህልኛል፤ እግዜር ይስጥህ ብያለሁ፤ ዛሬም እላለሁ። ወገን አለኝ እያልኩ ስንት ዓመት ጸለይኩ። ወገናችሁ ያልሆነን ምን እንደምታደርጉት አላየሁም ነበር። አየሁት። በገዛ ልጄ አሳያችሁኝ።»

«ኢንተለ ኮ» አሉ አባ ዲባ ከተቀመጡበት፤ «የታረቀ ነገር ነው። ሰርግ ቤት ነው…»

ፀዲ ትታቸው ወጣች።

ተጣልተዋት ቢሆን በቀለላት ነበር። አልተጣሏትም። ሰፈሩ ተመካክሮ «ሐዘኑ ራሷ ላይ ወጥቷል፣ ምስኪን» አለ። ሰርጉ ተደገሰ። በሰርጉ ማግስት ወተት ላኩላት፤ ግቢዋን ጠረጉላት፤ የበሩ ማጠፊያ ወልቆ ነበርና አንዱ መጥቶ ሳትጠይቀው ጠገነው። ስለተናገረችው ቃል ግን አንድም ሰው አላነሣም። ንዴቷን እንደ ትኩሳት አስታመሙት እንጂ እንደ ንዴት አልቆጠሩትም። ጋሽ ሙደሲር ብቻ ናቸው ከዚያ ወዲያ በረንዳዋን ያልረገጡት፤ ሱቃቸውን በጓሮ በኩል መግባት ጀመሩ።

ካልቶማ አንድ ቀን መጥታ በሩ ላይ ቆመች። አልገባችም።

«ታውቂ ነበር» አለቻት ፀዲ።

«አውቅ ነበር።» ካልቶማ የነጠላዋን ጫፍ ታፍተለትላለች። «ልጄን ልጠብቅ ብዬ ነው። አንቺም እናት ነሽ፣ ፀድዬ።»

«ነበርኩ» አለች ፀዲ።

በዚያው ሰሞን ጌድዮን ሲደውል እንደ ወትሮው አልተከራከረችውም። ሆቴሉን ዘግታ፣ ልብሷን በአንድ ሻንጣ አድርጋ ወደ ፍቼ ወጣች። ወንድሟ ደግ ሰው ነው፤ ክፍል ለቆ፣ አልጋ አንጥፎ ተቀበላት። ሚስቱም አላስቀየመቻትም። ሰፈሩ ግን በግንብ አጥር የታጠረ፣ በሩ ሁልጊዜ የተዘጋ ነው። ብርዱ አጥንቷ ድረስ ገባ። «የጌድዮን እህት» ይሏታል። ማማ ማህሌት የሚላት የለም።

አንድ ምሽት ራት ላይ ስለ ማህሌት ማውራት ጀመረች። ማህሌት ስትስቅ እንደምታንኮራፋ፣ ቻፓቲ ስትጋግር ሁልጊዜ የመጀመሪያውን እንደምታሳርር ነገረቻቸው። በትዕግሥት ሰሟት። የጌድዮን ሚስት «አይ ልጅ፣ ነፍሷን ይማር» አለች፤ ከዚያ ቴሌቪዥኑ ላይ ዜና ጀመረና ሁሉም ወደዚያ ዞሩ። ጥፋት አይደለም፤ አያውቋትም። ማህሌት የምትባል ልጅ ሳቅ በዚህ ቤት ውስጥ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ፀዲ እጇ ላይ ያለውን ጉርሻ መልሳ ሳህኑ ላይ አኖረችው። ልጇን የሚያውቃት ሰው ያለው አንድ ቦታ ብቻ መሆኑ ያኔ ገባት። እዚያ የሚያውቋትም እነዚያው ናቸው፤ ሌሎች የሉም።

ፋሲካ እስኪያልፍ ታገሠች። ከዚያ ጌድዮን «ምን አስቀየምንሽ?» እያለ እየተለማመጣት በአውቶቡስ ወረደች።

ድንበሩን በእግሯ ተሻገረች። ሻንጣዋን ይዛ ገና ሁለተኛው በር ላይ ሳለች የሰፈሩ ሴቶች አዩዋትና እየሮጡ መጥተው ተቀበሏት። «ማማ ማህሌት መጣች!» እያሉ የሆቴሉን በር ራሳቸው ከፈቱ፣ አቧራውን ጠረጉ፣ ከሰል አቀጣጠሉ። ከሴቶቹ መሐል ካልቶማ ነበረች። ማንም ሳያዛት ሞቅ ያለ ውሃ በሳፋ አምጥታ የፀዲን ጫማ አውልቃ እግሯን ታጥብ ጀመር። ፀዲ እግሯን ልትሰበስብ አሰበች፤ ግን አልሰበሰበችውም። እንባዋ ወረደ። ሴቶቹ የናፍቆት መሰላቸው። ናፍቆትም ነበረበት።

ፀሐይ እየገባች ሳለ ወሬው እንደ ልማዱ ወደ ማህሌት ዞረ። አንዷ ማህሌት ልጅ ሳለች ከፍየል ጋር እንደተጋፋች ታወራለች፤ ሌላዋ ማህሌት ያስተማረችው ልጇ አሁንም መዝሙሯን እንደሚዘምር ትናገራለች። ካልቶማ የፀዲን እግር ማሸቷን ሳታቋርጥ፣ ቀና ሳትል፣ በዝግታ፦

«አንድ ቀን ሰሊምን ተከትላ ቁርኣን ቤት ገብታለች፤ አምስት ዓመቷ ነበር። ሻሼን ተከናንባ ከኋላ ተቀምጣ ከልጆቹ ጋር ድምጿን ከፍ አድርጋ ቁርኣን ትቀራለች። ሼኹ አዩዋትና ‹አንቺ የማን ልጅ ነሽ?› አሏት። ‹የካልቶማ› አለች፤ ቅንጣት አላፈረችም» አለች።

ይህን ታሪክ ፀዲ ሰምታው አታውቅም ነበር። አዲስ ነገር ነው፤ ልጇ ከሞተች በኋላ የመጣ የልጇ አዲስ ነገር። ካልቶማን አየቻት። ያ ምሽት፣ ጆንያው፣ ጓሮው፣ ውሃ እያለች መንገድ ላይ የቀረችው ልጅ፣ ሁሉም በዚች ሴት ፊት ላይ ነበር። ፀዲ ግን ወደ ፊት ጎንበስ አለች።

«ከዚያስ?» አለች።